ስቶማ፦ በቅጠል ላይና በሰው ሆድ ላይ



"ስቶማ" የሚለው ቃል ከጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ "አፍ" ማለት ነው። ይህ አንድ ቃል እጅግ በተራራቁ ሁለት የዕውቀት መስኮች ያገለግላል። የዕፅዋት ጥናት ባለሙያዎች በቅጠል ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በዚህ ስም ሲጠሩ፣ ሐኪሞች ደግሞ ሰገራ ወይም ሽንት እንዲወጣበት በቀዶ ሕክምና በሆድ ላይ የሚከፈተውን መውጫ ስቶማ ይሉታል። በእስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች በዕብራይስጥ ሲናገሩም ይህንኑ ቃል ሳይለውጡ ይጠቀሙበታል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች ግን ዕብራይስጥ "ፒዮኒዮት" ይላቸዋል፤ "ፔ" ማለትም አፍ ከሚለው ቃል የወጣ በመሆኑ "ትናንሽ አፎች" እንደ ማለት ነው። ልጆችዎ በትምህርት ቤት ስለ ፒዮኒዮት ተምረው ይሆናል፤ ቢጠይቋቸው ያስረዱዎታል።

በዚህ ጽሑፍ ከቅጠሉ የምንነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የቅጠሉ ስቶማ ምን እንደሚሠራ የተረዳ ሰው፣ በሆድ ላይ የተከፈተው ስቶማ ምን ማድረግ እንደማይችል በቀላሉ ይገባዋል። ይህንንም መረዳት ስቶማ ላለበት ሰው፣ ይልቁንም በሞቃት አገር ለሚኖር ሰው፣ ለሕይወቱ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

የቅጠሉ በርና በረኞቹ

ቅጠል ምግቡን የሚያዘጋጀው ከፀሐይ ብርሃን፣ ሥሩ ከመሬት ከሚስበው ውኃና በአየር ውስጥ ከሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይሁን እንጂ የቅጠሉ ገጽ ውኃና አየር በማያሳልፍ ሰም መሰል ነገር የተሸፈነ ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚገባበት በር ያስፈልገዋል። በሩም ስቶማ ነው። በብዙ ዕፅዋት ዘንድ እነዚህ በሮች የሚበዙት ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው በታችኛው የቅጠል ገጽ ላይ ነው። በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ያላቸው ዕፅዋት ግን በላይኛው ገጽ ይይዟቸዋል። ብዛታቸው እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ፣ ማለትም ከስንዴ ፍሬ እጅግ ባነሰ ስፍራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 300 ይደርሳሉ። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊና እንግሊዛዊው ነህምያ ግሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አጉሊ መነጽር ገና አዲስ መሣሪያ በነበረበት ዘመን፣ ተመልክተው ገልጠዋቸዋል።

እያንዳንዱ ቀዳዳ እንደ ሁለት ከንፈሮች በተቀመጡ ሁለት ሴሎች መካከል ይገኛል። እነዚህን "ዘብ ሴሎች" ልንላቸው እንችላለን፤ ሥራቸው በርን መጠበቅ ነውና። ማለዳ ብርሃን ሲያርፍባቸው ዘብ ሴሎቹ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ወደ ውስጣቸው ይስባሉ። ውኃም ማዕድኑን ተከትሎ ይገባል። በውኃ የተነፉት ሴሎች እንደ ቀስት ስለሚጎብጡ በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይከፈታል። ማዕድኑ ሲወጣ ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ ሴሎቹ ይረግባሉ፣ ቀዳዳውም ይዘጋል። አንባቢው እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲይዝልን እንለምናለን፦ ጨውና ማዕድን ወደ ሄደበት ውኃ ይከተላል። ይህ ሕግ በቅጠል ብቻ ሳይሆን በሰው አንጀት ውስጥም ይሠራልና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የተከፈተ በር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚገባበት በር ውኃ ተንኖ ይወጣል። ተክሉ በሥሩ ከሚስበው ውኃ ከመቶ ከዘጠና እጅ የሚበልጠው በዚህ ሁኔታ ወደ አየር ይሄዳል። መሬቱ ሲደርቅ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጥራል፤ ዘብ ሴሎቹም ትእዛዝ እንደ ተቀበለ ወታደር በሩን ይዘጋሉ። በሩ ሲዘጋ ምግብ ማዘጋጀቱ ይቀንሳል፤ ተክሉ ግን ከውኃ ጥም ይተርፋል።

ከሁሉም ይልቅ ብልህ የሆነው በለስ ነው። በትግራይ ተራሮች የሚታወቀው የበለስ ቁልቋል በእስራኤል "ጻባር" ይባላል። በሁለቱም አገሮች የአገሬው ተወላጅ ይመስላል እንጂ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ እርሱም ስደተኛ ነው ማለት ይቻላል። በለስ በቀን ሐሩር በሮቹን ዘግቶ ይውላል፤ አየሩ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስገባና ያከማቻል፤ በማግስቱም በሩ እንደተዘጋ በፀሐይ ብርሃን ይሠራበታል። የቅጠል ስቶማ እንግዲህ ተራ ቀዳዳ አይደለም፤ ሲያስፈልግ የሚከፈት፣ ሲያስፈልግ የሚዘጋ በር ነው።

በር ሳይሆን መውጫ

በሰው ሆድ ላይ የሚከፈተው ስቶማ ግን ዘብ የለውም። በተፈጥሮ በፊንጢጣ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚያጠብቁ ጡንቻዎች አሉ፤ ሰው ሰገራውን ይዞ እስከሚመቸው ሰዓት የሚቆየው በእነርሱ ነው። በስቶማ ዙሪያ እንዲህ ያለ ጡንቻ ስለሌለ ሰገራው ወይም ሽንቱ በፈለገው ሰዓት ይወጣል፤ ባለቤቱ ሊያዝዘው አይችልም። ከረጢት በሆድ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። በሽተኛው ንጽሕናውን ያልጠበቀ ወይም ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው አይደለም፤ የሚቆጣጠርበት ጡንቻ በዚያ ስፍራ የለም።

ስቶማ እንደ ተከፈተበት ስፍራ ስሙ ይለያያል። ከትልቁ አንጀት (ደንዳኔ ከሚባለው) የተከፈተ እንደ ሆነ ኮሎስቶሚ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ሆድ ላይ ይሆናል፤ የሚወጣውም ከተለመደው ሰገራ ብዙ አይለይም። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ የተከፈተ ከሆነ ኢሊዮስቶሚ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ በቀኝ ሆድ ታችኛው ክፍል ይሆናል፤ የሚወጣው እንደ ቀጭን ገንፎ ወይም ከዚያ የቀጠነ ነው። ለሽንት የተከፈተው ዩሮስቶሚ ይባላል። በአንገት ላይ ለመተንፈሻ የሚከፈትም አለ፤ የእርሱ አያያዝ ግን ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አንገባበትም።

ስቶማ የሚያስፈልግበት ምክንያት ብዙ ነው፦ የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ አካባቢ ካንሰር፣ ኮላይቲስና ክሮን የተባሉት የአንጀት ቁስለት በሽታዎች፣ የአንጀት መዘጋት ወይም መበሳት፣ በአደጋ የደረሰ ጉዳት፣ በሕፃናት ላይም ከልደት የሚገኝ የአካል ጉድለት። አንዳንዱ ጊዜያዊ ነው፤ የተሰፋው አንጀት እስኪድን ለጥቂት ወራት ይቆይና በሌላ ቀዶ ሕክምና ይዘጋል። አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ካንሰርን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር፦ በእስራኤል ከ50 እስከ 74 ዓመት ዕድሜ ላለው ሰው ሁሉ በሰገራ ውስጥ የተሰወረ ደም የሚፈልግ ምርመራ በየዓመቱ ያለ ክፍያ በኩፓት ሖሊም ይሰጣል። በሽታው ቀድሞ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ያለ ዘላቂ ስቶማ ይታከማል።

ይህ ሕክምና ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1793 ዓ.ም. ዱሬ የተባለ ፈረንሳዊ ቀዳጅ ሐኪም ፊንጢጣ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ኮሎስቶሚ ከፈተለት፤ ያ ሕፃን አድጎ እስከ 45 ዓመቱ ኖሯል። የኢሊዮስቶሚ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር፤ ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኃይል ስላለው የሆድን ቆዳ ያቃጥላል። በ1952 ዓ.ም. ብራያን ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአንጀቱን ጫፍ እንደ እጅጌ ገልብጦ ከቆዳ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የሚያደርግበትን መንገድ አሳየ፤ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኤሊሴ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ፣ እኅቷ ስቶማ ከተከፈተላት በኋላ ከቤት መውጣት ፈርታ ስትቀመጥ አይታ፣ በቆዳ ላይ የሚጣበቅ ከረጢት አሰበች። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ከረጢት ከዚያ የመጣ ነው።

መቀነቱ የት ይታሰራል?

ቀዶ ሕክምናው አስቸኳይ ካልሆነ በቀር "አሖት ስቶማ" የምትባለው ለዚሁ ሥራ የሠለጠነች ነርስ አስቀድማ በሆድዎ ላይ ስፍራውን በቀለም ምልክት ታደርጋለች። ስትመረምርዎ ቁጭ እንዲሉ፣ እንዲቆሙና እንዲያጎነብሱ ትጠይቅዎታለች። በዚህ ጊዜ አለባበስዎንና ልማድዎን ይንገሯት። መቀነት የሚታጠቁ እናት መቀነቱ የሚያርፍበትን ስፍራ በእጃቸው ያሳዩ። ልጅ የሚያዝሉም የአንቀልባው ጠፍር በየት በኩል እንደሚያልፍ ያስረዱ። በጸሎት ጊዜ የሚሰግዱም ይህን ይናገሩ። ነርሷ እነዚህን ነገሮች ካልነገሯት ልታውቅ አትችልም፤ ስቶማው በመቀነቱ መታሰሪያ ላይ ከዋለ ግን ዕለት በዕለት ያስቸግራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስቶማውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ሰዎች ይደነግጣሉ። መልኩ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ቀይና እርጥብ ነው፤ ይህ የጤና ምልክት ነው። ሲነካ አያምም፤ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውምና። ሲጠርጉት ጥቂት ደም ቢታይ አያስፈራም። በመጀመሪያ ያብጣል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ቀዳዳ በእነዚያ ሳምንታት ደጋግሞ መለካት አለበት። ቀዳዳው ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይስፋ። ከዚህ የሰፋ እንደ ሆነ ፈሳሹ ቆዳውን ያቆስላል፤ የጠበበ እንደ ሆነም ስቶማውን ያንቃል።

ንጽሕናው ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አልኮልና ቅባት ያለው ሳሙና አያስፈልግም፤ ቅቤ ወይም ቅባት በዙሪያው መቀባትም ሰሌዳው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቆዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ሰሌዳው ይለጠፋል። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይራገፍ፤ እስኪከብድ ከተጠበቀ ይላቀቃል። ገላን መታጠብ፣ በጎን መተኛት፣ መሥራት፣ መጓዝ ሁሉ ይቻላል። ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ክልክል ነው፤ በስቶማው ዙሪያ ሆድ እንዲቀደድና አንጀት እንዲገፋ ያደርጋል።

ውኃ፣ ጨውና "ድርቀት" የሚለው ቃል

ከዚህ በታች ያለውን በተለይ ኢሊዮስቶሚ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በጥንቃቄ እንዲያነቡት እናሳስባለን።

በጤነኛ ሰው ዘንድ ትንሹ አንጀት በየቀኑ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት ያሳልፋል። ትልቁ አንጀት ከዚህ ፈሳሽ ውስጥ ጨውን ይመጥጣል፤ ቀደም ብለን በቅጠሉ እንዳየነውም ውኃው ጨውን ተከትሎ ወደ ደም ይመለሳል። በመጨረሻ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ውኃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው ግን ይህን መልሶ መጣጭ አካል ወይ አጥቶታል፣ ወይም ፈሳሹ ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ ውኃውም ጨውም በከረጢቱ ይወጣሉ። ሰውነት ከተለማመደ በኋላ የሚወጣው በቀን ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚያ ይበዛል። በቀን ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ሲወጣ ለሐኪም መንገር ግዴታ ነው። መጠኑን ለማወቅ ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ለዚህ ሥራ ብቻ ይለዩ።

ተክሉ ሲጠማ በሩን ይዘጋል ብለናል። ሰውዬው ግን በሩን ሊዘጋ አይችልም፤ የወጣውን በመተካት ብቻ ነው የሚድነው። ሐምሲን በሚነፍስበት ቀን፣ ሌላው ሰው በላብ ብቻ ውኃ ሲያጣ፣ ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው በላብም በከረጢትም ያጣል። ምልክቱም የአፍ መድረቅ፣ የሽንት ማነስና መጥቆር፣ ከመቀመጫ ሲነሡ ራስ ማዞር፣ የእግር ጡንቻ መኮማተርና ድካም ነው። ችላ ከተባለ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሰውም ይሞትበታል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ መናገር አስፈላጊ ነው። ሐኪሙ በዕብራይስጥ "ሒትያብሹት" ሲል የሰውነት ውኃ ማነስ ማለቱ ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ "ድርቀት" ተብሎ ይተረጎማል። ነገር ግን "ድርቀት" የሚለውን ቃል የሚሰማ ሰው የሆድ ድርቀትን ሊያስብ ይችላል፤ ለሆድ ድርቀት የዕብራይስጡ ቃል ግን ሌላ ነው፤ "አጺሩት" ይባላል። ሁለቱ የሚታከሙት በተቃራኒ መንገድ ነው። ውኃው ያነሰበት ሰው "ሆዴ ደርቋል" ብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቢወስድ የቀረውንም ውኃ ያጣል። ስለዚህ አስተርጓሚ "ድርቀት" ሲልዎት "የሆድ ነው ወይስ የሰውነት ውኃ?" ብለው ይጠይቁ። በዚሁ ምክንያት ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው ኮሶ ፈጽሞ መጠጣት የለበትም። የኮሶ ትል ተጠራጥሮ ከሆነ ሐኪሙ በክኒን ያክመዋል።

ውኃን ለመተካት ተራ ውኃ ብቻ አይበቃም። ወጪው በበዛበት ቀን ባዶ ውኃ አብዝቶ መጠጣት ነገሩን ሊያብሰው ይችላል፤ አንጀቱ ጨው ወደ ባዶው ውኃ ያፈስሳል፣ ሌላ ውኃም ይህን ጨው ተከትሎ ይወጣል። ጨውና ስኳር በመጠኑ ያለበት መጠጥ ግን በአንጀት ግድግዳ ይመጠጣል። ከኢትዮጵያ የጤና ጣቢያዎች የምናውቀው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ በእስራኤል መድኃኒት ቤቶችም ተመሳሳይ ዱቄት ይገኛል። ከሌለ፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ይቻላል። ማንኪያው አይከመር፤ ጨው ሲበዛ ጉዳት አለው። የስኳር በሽታ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ለዓመታት "ጨው ይቀንሱ" ሲባሉ ኖረው ይሆናል። ኢሊዮስቶሚ ከተከፈተ በኋላ ይህ ምክር እንደገና መታየት አለበት፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒንም እንዲሁ። በራስዎ ፈቃድ አያቁሙት፣ ግን "ስቶማ አለኝ፤ ይህን ክኒን ልቀጥል?" ብለው ይጠይቁ። እንዲሁም በዝግታ እንዲሟሙ ሆነው የተሠሩ ክኒኖች ሳይሟሙ በከረጢቱ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ክኒኑን እንዳለ ከረጢቱ ውስጥ ካዩት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነውና ለሐኪሙ ይንገሩ።

የጾም ነገር ደግሞ አለ። በአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) እና በሌሎች ጾሞች ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለብዙዎቻችን ከልጅነት የመጣ ነው፤ በስግድ ዕለትም የሚጾሙ አሉ። ኢሊዮስቶሚ ላለበት ሰው አንድ ቀን ያለ ውኃ መዋል ለሕይወቱ አስጊ ሊሆን ይችላል። በአይሁድ ሕግ ነፍስን ማዳን፣ "ፒኩዋሕ ኔፌሽ" የሚባለው፣ ጾምን ያሽራል። ጾሙ ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ከሐኪሙ ቃል ተቀብለው ወደ ቄሱ ወይም ወደ ረቢው ይሂዱ። ሐኪሙን ሳይጠይቁ መጾም፣ ወይም ሳይጠጡ "ጠጥቻለሁ" ማለት፣ በሆስፒታል የሚጠናቀቅ ነገር ነው።

ስለ ምግብ

ኮሎስቶሚ ያለበት ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንደ ቀድሞው መብላት ይችላል። ኢሊዮስቶሚ ያለበት ግን በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት ገለባና አሠር የበዛበትን ምግብ ይቀንስ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየሞከረ ይመለስ። ሩዝ፣ ድንች፣ ነጭ ዳቦና ሙዝ ወጪውን ያወፍራሉ። የጤፍ እንጀራ የተከለከለ አይደለም፤ በትንሽ መጠን ይጀመር፣ በደንብ ይላመጥ። በርበሬ ስቶማውን አያቆስልም፤ ነገር ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ወጪውን ያቀጥናል።

ትልቁ አደጋ ከቡና ጋር ይመጣል። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ለውዝና የበቆሎ እሸት በሚገባ ካልተላመጡ በስቶማው አፍ ላይ ተከማችተው ሊዘጉት ይችላሉ። እንግዳ በእፍኝ ሲሰጥዎ እምቢ ማለት ቢያሳፍርም በመጀመሪያዎቹ ወራት እምቢ ይበሉ። በኋላም ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ በደንብ አላምጦ። ቀይ ሥር የበላ ሰው ደግሞ በማግስቱ ከረጢቱ ቀልቶ ቢያገኘው ደም መስሎት አይደንግጥ።

ነውር ስለሚመስለው ነገር

ንጽሕና በማኅበረሰባችን ዘንድ ከፍ ያለ ቦታ አለው። በዚህም የተነሣ ስቶማ ያለበት ሰው ራሱን ከጸሎት ቤት፣ ከሠርግና ከለቅሶ ያርቃል፤ አንዳንዱም ሐኪሙ የወሰነለትን ቀዶ ሕክምና እምቢ ይላል። የዛሬው ከረጢት ሽታ አያሳልፍም፤ ከልብስ በታች አይታይም። ስለ ጸሎትና ስለ ሚቅዌ ጥያቄ ያለው ሰው ቄሱን ወይም ረቢውን ይጠይቅ እንጂ በራሱ ላይ አይፍረድ። ባልና ሚስትም ስለ ጉዳዩ ነርሷን አብረው ማነጋገር ይችላሉ፤ ይህ ሥራዋ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ሕክምና የሚሰጠው ሰውዬው ተረድቶ ሲፈቅድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ማብራሪያውም በተቻለ መጠን በሚገባው መንገድ እንዲቀርብለት ያዛል። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎን ለማስተርጎም ይዘው መሄድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ ስለ አባቱ ፊንጢጣ ለሐኪም መናገር ያፍራል፤ አባትየውም በልጁ ፊት ያፍራል፤ በመካከል ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት የእስራኤል ነዋሪ ሁሉ በኩፓት ሖሊም የታቀፈ ነው፤ ከረጢቱና ሰሌዳውም በሐኪም ትእዛዝ በዚያው በኩል ይታዘዛሉ። የተላከልዎት ዓይነት ቆዳዎን ካቆሰለ ሌላ ዓይነት እንዲሞከርልዎት ይጠይቁ። ዓይነቱ ብዙ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚሄዱበት

የስቶማው መልክ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ ደም አልደረሰውም ማለት ነውና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሚዩን ይሂዱ። ኢሊዮስቶሚው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምንም ካላወጣ፣ ሆድም ከቆረጠና ማስታወክ ከተከተለ መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ምግብ አይቅመሱ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይውሰዱ። ደሙ ተጭነው ይዘውት ካልቆመ፣ ወጪው እንደ ውኃ ሆኖ በብዛት ከቀጠለ፣ ወይም ሰውዬው ሲነሣ የሚወድቅና ሽንት የማይሸና ከሆነ በ101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ይጥሩ።

ሲሄዱ የቀዶ ሕክምናውን ደብዳቤ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉና ሁለት ትርፍ ከረጢት ይያዙ። በሚዩን ያለው ሐኪም ስቶማው ኮሎስቶሚ ይሁን ኢሊዮስቶሚ ከውጭ አይቶ ላይለየው ይችላል፤ ሕክምናው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የስቶማዎን ስም በዕብራይስጥ አስጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት፤ "በቀን ይህን ያህል ይወጣ ነበር፣ ከትናንት ጀምሮ ግን ይህን ያህል ሆኗል" የሚል ልክም ይጻፉበት።